አንዱ ሾክ ሲያፈስ ሁለቱንም ቀይር፤ ግን ሁለቱን አንድ ላይ አታውልቅ

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው የግብርና ባለሙያ ነው። በቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል በየሳምንቱ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይመላለሳል። እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሞተሬ የግራ የኋላ ሾክ አብዞርበር ዘይት ያፈሳል። ከኋላ ሰው ስጭን ጉድጓድ ላይ ጎማው ፓራፋንጎውን ይመታል። ብቻዬን ስሄድ ደግሞ ከኋላ ይዘላል። አንድ ጋራዥ ‹የሚያፈሰውን ብቻ ቀይር፣ ቀኙ ደህና ነው› አሉኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ ‹ዘይት ሞልተን እንበይድልሃለን› አሉኝ። ቁልፎች አሉኝ፤ ጎማም ራሴ ቀይሬ አውቃለሁ። ግቢዬ ውስጥ ራሴ ብቀይረው ይሆናል? አንዱን ልቀይር ወይስ ሁለቱን?»

ወንድሜ፣ ይሆናል። የኋላ ጎማ አውልቆ መልሶ የገጠመ ሰው ይህን ሥራ አያቅተውም። ቦክሰር ከኋላ ሁለት ሾክ አለው፤ በየጎኑ አንድ። እያንዳንዱ ላይና ታች፣ ሁለት ቦታ ይታሰራል። በጠቅላላው አራት ማሰሪያ ነው። ዝገት ካላስቸገረህ ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅብህም። ለሁለተኛው ጥያቄህም መልሱ አጭር ነው። ሁለቱንም ቀይር፣ በአንድ ቀን። ግን አንዱን አውጥተህ አዲሱን ሳታስር ሌላውን አታውልቅ። ከምነግርህ ሁሉ ይህቺን አጥብቀህ ያዝልኝ።

እኔ ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። ሥራውን ገና ስለምድ ነበር። የመሃል ስታንድ የሌለው ሞተር መጣልኝ። ከስሩ የቢራ ሳጥን ደገፍኩና ሁለቱንም ሾክ ፈታሁ። ሁለተኛው እንደወጣ የሞተሩን የኋላ ክፍል የያዘ ነገር አልነበረም። ዝም ብሎ ቁጭ አለ። ሳጥኑም ተንሸራተተ። እጄ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) እና በመሬቱ መካከል ነበር። ማርሚታው ቀዝቅዞ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀለበት ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ግን ዛሬም አለ። አንዱ ሾክ በቦታው ቢሆን ኖሮ ጎማውንም ቴላዮውንም (የሞተሩን አጽም) ይዞልኝ ነበር። አንድ በአንድ ስትሠራ ያልተነካው ሾክ እንደ ድጋፍ ያገለግልሃል። ቀዳዳዎቹም ከቦታቸው ስለማይሄዱ አዲሱ ያለ ትግል ይገባል።

ሥራውን ከመጀመርህ በፊት ሾክ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገርህ። ይህን ካወቅህ ብዙውን ነገር ራስህ ትደርስበታለህ። ከውጭ የምታየው ሞላ ክብደት ይሸከማል። ጉድጓድ ሲመታው ይጨመቃል፣ ካለፈ በኋላ ይለቀቃል። ሞላ ብቻውን ቢሆን ግን እንደ ኳስ ይነጥር ነበር። ነጠራውን የሚገታው ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ዘንጉ ሲገባና ሲወጣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች በግድ ያልፋል፤ ጉልበቱ እዚያ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዘይቱን ውስጥ የሚያስቀረው ዘንጉን ከቦ የተቀመጠው ፓራውልዮ (የዘይት መከላከያ ቀለበት) ነው። እሱ ሲበላ ዘይቱ ይወጣል። ሞላው አለ፣ ገቺው የለም። አንተ «ከኋላ ይዘላል» ያልከው ይህ ነው።

ፓራውልዮውን ምን ይበላዋል? በአብዛኛው ጭቃ። በፒስታ መንገድ ስትመላለስ ዘንጉ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ይደርቃል። ከዚያ ሾኩ በተጨመቀ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈትገዋል። ሁለተኛው ጠላት ጭነት ነው። አንድ ኩንታል እህል 100 ኪሎ ነው። ይህ ሁሉ ከኋላው ጎማ አናት ላይ ወይም ከዚያም ወደ ኋላ አልፎ ሲቀመጥ፣ ሾኩ መጨረሻው ድረስ ወርዶ ብረት ከብረት ይጋጫል።

አሁን ምርመራው። ግራ ሾክህ በእርግጥ ያፈሳል? የምጠይቅህ ያለ ምክንያት አይደለም። የቦክሰር ካቴና በግራ በኩል ነው። ካቴናውን ዘይት ስትቀባው እየተረጨ ሾኩን ሊያርሰው ይችላል። ሾኩን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ጥረገው። ደረቅ አድርገው። ሁለት ቀን ንዳበትና ጎንበስ ብለህ ተመልከት። የካቴና ዘይት ከሆነ ነጠብጣቡ ከውጭ፣ በአንድ ጎን ተበትኖ ታገኘዋለህ። ከውስጥ የሚያፈስ ከሆነ ግን እርጥበቱ ከዘንጉ ሥር ይጀምርና ቱቦውን ዙሪያውን ይዞ ይወርዳል፤ አቧራ ተለጥፎበት እንደ ጥቁር ለጥ ያለ ሊጥ ይሆናል። በጥፍርህ ስትፍቀው ይነሳል፤ ከስሩ ደግሞ ትኩስ ዘይት ያብለጨልጫል። እንዲህ ከሆነ አትጠራጠር።

ከዚያ መቀመጫውን በሁለት እጅህ በክብደትህ ተጫነውና ልቀቀው። ጤነኛ ሾክ ይመለስና ቀጥ ይላል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ካለ ገቺው ዘይት ሥራውን አቁሟል። ሲወርድ ተይዞ ቀስ እያለ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ዘንጉ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። አንድ ሌላ ነገርም ሞክር። ግማሽ ሰዓት ያህል ኮረኮንች ላይ ንዳና ወዲያው ወርደህ የሁለቱን ሾክ ቱቦ በእጅህ ንካ። የሚሠራው ሞቅ ይላል። የሞተው ቀዝቃዛ ነው፤ ምክንያቱም ጉልበቱን ወደ ሙቀት የሚቀይርበት ዘይት የለውም። የቀኙን ስትነካ ግን ማርሚታው አጠገቡ ስለሆነ ተጠንቀቅ። የእሱ ሙቀት እንዳያሳስትህም አስብ።

ሞተሩን በመሃል ስታንድ አቁመህ የኋላ ጎማውን ደግሞ በሁለት እጅህ ወደ ጎንና ወደ ጎን ነቅንቀው። የሚንገዳገድ ከሆነ ጥፋቱ ከሾኩ አልፏል። ወይ የጎማው ኩሽኔታ አልቋል፣ ወይ ጎማውን የያዘው ክንድ ከቴላዮው ጋር የሚገናኝበት ቦኮላ ተበልቷል። ይህን ሳታይ አዲስ ሾክ ብትገጥም ሞተሩ ከኋላ መዋኘቱን አይተውም፤ ገንዘብህንም ያለ ቦታው ታወጣለህ።

ወደ ጋራዦቹ ምክር ልምጣ። «የሚያፈሰውን ብቻ ቀይር» ያሉህ ገንዘብህን ለማዳን አስበው ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱ ሾኮች አንድ ቀን ተገጥመው፣ እኩል ኪሎ ሜትር ሄደው፣ እኩል ጭቃ ጠጥተዋል። ቀኙ አላፈሰም እንጂ ደክሟል። አዲስና አሮጌ አንድ ላይ ስታስር አዲሱ ጠንካራ፣ አሮጌው ልስልስ ይሆናል። ጉድጓድ ላይ አንደኛው ጎን ቶሎ ይወርዳል፣ ሌላው ይዘገያል። የኋላ ክንዱ ይጠመዘዛል። ኩርባ ላይ ሞተሩ ልብህን የሚሰርቅበት ምክንያት ይህ ነው። አዲሱም የጓደኛውን ሸክም ስለሚሸከም ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ አሁን ለሁለት የሚሆን ገንዘብ ከሌለህ፣ እስኪሞላልህ ድረስ ሰው ሳትጭን ቀስ ብለህ ንዳ። አንድ ገዝተህ ከመግጠም ይህ ይሻላል።

«ሞልተን እንበይድልሃለን» የሚለውን ደግሞ በፍጹም አትቀበል። እንዲህ ያሉ ሾኮች ፋብሪካው ዘግቶ የሚያወጣቸው ናቸው። ከፍቶ በሞተር ዘይት ሞልቶ መበየድ ለጥቂት ሳምንት ያስኬድ ይሆናል። የሞተር ዘይት ግን ለዚያ ጠባብ ቀዳዳ የተሠራ አይደለም። የተበላው ፓራውልዮም እዚያው አለ። የብየዳው እሳት ደግሞ ጎሚኒውን (ላስቲኩን) ያቃጥላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ብየዳው ጉድጓድ ላይ ቢለቅ የሚሆነው ነው። ከኋላህ ሰው ተቀምጧል።

ስለ ግዢው ረጋ በል፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው በቁልፍ አያስተካክለውም። አሮጌውን አውልቀህ ይዘህ መሄድ ባትችል እንኳ ልኬቱን ይዘህ ሂድ። ዋናው ልኬት ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ያለው ርዝመት ነው። ሞተሩን በመሃል ስታንድ አቁም፣ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሾኩ በሙሉ ርዝመቱ ሲንጠለጠል በሜትር ለካ። ከዚህ የረዘመ ሾክ የሞተሩን ቂጥ ያነሳል። የካቴናው አቀማመጥ ይቀየራል፤ በጎን ስታንድ ስታቆመውም ከልክ በላይ ይጋደማል። ያጠረ ከሆነ ደግሞ አንተ አሁን የምታማርርበትን የፓራፋንጎ ግጭት ያባብሰዋል። ቀጥሎ የቀዳዳውን ስፋትና የጎሚኒውን ውፍረት ተመልከት። ታችኛው ጫፍ ቀለበት ነው ወይስ እንደ ሹካ የተከፈለ? ሻጩ «ቦክሰር ነው፣ ይገባል» ቢልህም በዓይንህ አረጋግጥ። ቦክሰር 100 እና 150 የተለያዩ ናቸው።

የቦክሰር ሾክ ሞላ በሞላ ውስጥ ያለው ነው። ትልቁ ሞላ ውስጥ ሌላ ቀጭን ሞላ ተቀምጧል። በርካሽ የሚሸጠውን ስታነሳ ውስጠኛው መኖሩን ተመልከት። ሁለቱን ሾክ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አቁማቸው። ቁመታቸው እኩል ነው? ቀለበቶቻቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ? ዘንጋቸው ላይ ጭረት ወይም የዘይት ላብ አለ? አንዱን መሬት ላይ አቁመህ በክብደትህ ተጫነው። ያለ ድምፅ ወርዶ ሳይቸኩል መመለስ አለበት። ቤት ስታደርሳቸውም አጋድመህ አትተዋቸው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሽ አየር ስላለ ተጋድመው ሲከርሙ አየሩ ከዘይቱ ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ቆመው ይደሩ፤ ስትገጥማቸውም ጥቂት ጊዜ መጫን ይበቃቸዋል።

ሞላውን ከሾኩ ላይ ለማውጣት ግን እንዳትሞክር። ተጨምቆ የተቀመጠ ሞላ መያዣው ሲለቅ ፊት ላይ ይመጣል። ለዚያ የተሠራ መጭመቂያ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግህም። ሾኩ ሙሉውን ይወጣል፣ ሙሉው ይገባል።

የሚያስፈልግህ መሣሪያ ብዙ አይደለም። 12፣ 14 እና 17 ቁጥር ቁልፍ ወይም ቡሶላ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የእንጨት ወይም የጎማ መዶሻ፣ ትንሽ ግራሶ፣ ውፍረታቸው የተለያየ ሁለት ሦስት ጣውላ፣ ጠንካራ ገመድ። ቁልፉ ዳዶው (ቡሎኑን የሚያስረው ፍሬ) ላይ ልክክ ማለት አለበት። ሲጫወት ካየህ ሌላ ፈልግ፤ የዳዶውን ማዕዘን ካዞርከው ቀኑ ሙሉ ይጠፋብሃል።

ከሥራው በፊት ባለው ማታ አራቱንም ማሰሪያ በሽቦ ብሩሽ ጥረግ። ከዚያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፣ እሱ ከሌለ ጥቂት ናፍጣ አንጠባጥብበት። ይደር። እሳት ግን አታቅርብበት። አጠገቡ ጎሚኒ አለ፣ ላይ ቤንዚን አለ። አንዳንድ ሾክ ደግሞ ውስጡ የታመቀ ጋዝ አለው።

ጠዋት ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጀምር። ሊሾ ወይም ደልደል ያለ መሬት ምረጥ፤ ሣር ላይ ስታንዱ ይሰምጣል። ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ እንዳሉ አራቱንም ማሰሪያ ሩብ ዙር ያህል ብቻ አላላ። ይህን የማስቀድመው ለምን መሰለህ? ጠንካራው ጉልበት የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። በስታንድ ላይ ቆሞ ስትጎትት ሞተሩ ከስታንዱ ሊወርድብህ ይችላል። ካላላህ በኋላ በመሃል ስታንድ አቁመው። የፊት ፍሬኑን እጀታ ጨብጠህ በገመድ ከመሪው ጋር እሰረው። የፊት ጎማውን ከግድግዳ አስጠጋው። ከኋላው ጎማ ስር ጣውላ እየደራረብክ አስገባ፤ ጎማውን በጭራሽ ሳያነሳው እንዲነካው ብቻ። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሾኩን ወደ ታች እንዳይጎትት ነው። ሾኩ ዘና ሲል ቡሎኑ በጣት ይወጣል።

የመሃል ስታንድህ ተፈትቶ ከሆነ፣ ብዙ ሰው ያወልቀዋልና፣ በጎን ስታንድ ላይ አትሥራው። አንድ ሰው ጥራ። ከቴላዮው ስር ጠንካራ እንጨት ደግፋችሁ ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። እሱ መሪውን ይዞ ይቁም፣ አንተ ሥራ።

ከግራው ጀምር፤ በዚያ በኩል ማርሚታ ስለሌለ ቀላል ነው። የላይኛውን ዳዶ ፍታ። እዚህ ላይ ቆም በል። ብዙ ጊዜ የፖርቶ መጋላው (የዕቃ መጫኛው) እግር ወይም ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ብረት እዚሁ ማሰሪያ ላይ ይታሰራል። ሮንዴላዎቹም (መሃላቸው ቀዳዳ የሆነ ስስ የብረት ክቦች) ከውስጥና ከውጭ በቅደም ተከተል አሉ። ስልክህን አውጣና ፎቶ አንሳ። እያንዳንዱን እንደወጣ በቅደም ተከተሉ ጨርቅ ላይ ደርድር። ቀጥሎ የታችኛውን ፍታ። ሾኩን ታችኛውን ጫፍ ይዘህ ወደ ውጭ ሳበው። ካልወጣ ከኋላው በኩል እንጨት አስደግፈህ ላይና ታች እያፈራረቅህ በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው። ዘንጉን አትምታ። አሮጌ ነው ብለህም አትምታ፤ እጅህ ልማዱን ወደ አዲሱ ይወስደዋል።

የወጣውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርገህ ለካ። ልዩነት ካለ ሥራውን እዚህ አቁመህ አሮጌውን መልሰህ እሰር። ይህን ማድረግ የምትችለው ሌላው ሾክ በቦታው ስላለ ነው። ልክ ከሆነ የወጣበትን ቦታ አጽዳ። ቴላዮው ላይ ያለውን፣ ሾኩ የሚሰካበትን ዘንግ ከዝገት በብሩሽ አጽዳና በጣትህ ጫፍ ስስ ግራሶ ቀባው። ግራሶው ብረቱ ላይ ብቻ ይሁን። ጎሚኒ በግራሶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ፊሌቱንም (ዳዶው የሚዞርበትን ጥርስ) አትቀባው፤ የተቀባ ፊሌት ሳታውቀው ከልክ በላይ ይጠብቃል።

አዲሱን መጀመሪያ ከላይ ሰካ፣ ዳዶውን በጣትህ አስይዝ። ከዚያ የታችኛውን ቀዳዳ አስተካክል። ትንሽ ካልገጠመ ጣውላውን ጨምር ወይም ቀንስ፤ ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ቀዳዳው ራሱ ይመጣል። ቡሎኑን በመዶሻ አታስገድደው። ፊሌቱ ይበላል፣ ያን ጊዜ የአራት ማሰሪያ ሥራ የተርነሪ ሥራ ይሆናል። ዳዶዎቹን በጣት እስከሚችሉት ካዞርክ በኋላ በቁልፍ ለዘብ አድርገህ ብቻ አጥብቅ። ሙሉውን ጥብቅ ገና አይደለም።

አሁን ወደ ቀኙ። ማርሚታው የታችኛውን ማሰሪያ ከሸፈነብህ የማርሚታውን የኋላ መያዣ ቡሎን አላልተህ ትንሽ ወደ ታች ዝቅ አድርገው። ብዙ አትጎትተው፤ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጋስኬት ይጎዳል። ሌላው እንደ ግራው ነው።

ሁለቱም ከገቡ በኋላ ሞተሩን ከስታንድ አውርድ። መቀመጫው ላይ ተቀመጥና ሦስት አራት ጊዜ ተጫነው። የመጨረሻውን ጥብቅ የምትሰጠው አሁን ነው፤ ሞተሩ በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ ሾኩ ላይ ሳለ። ብዙ መካኒክ ይህን ይዘለዋል። ጎሚኒው መሃል የብረት ቱቦ አለ፤ ጎሚኒውና ቱቦው የተጣበቁ ናቸው። ሾኩ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅኸው ቱቦው በዚያ ቦታ ይቆለፋል። ከዚያ ሞተሩ ሲወርድ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይኖራል። በጥቂት ወራት ይሰነጠቃል፣ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። የጥብቀቱን ልክ የሞተርህ መመሪያ ላይ ፈልግ። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሰሪያ ብዙ አምራቾች ከ30 እስከ 45 ኒውተን ሜትር ባለው መካከል ይሰጣሉ። ቶርክ ቁልፍ ከሌለህ እንዲህ አስበው፤ 35 ኒውተን ሜትር ማለት 20 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ ወደ 18 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ነው። በአንድ ክንድ ጠበቅ አድርጎ መሳብ ማለት ነው። ቁልፉ ላይ ቱቦ ቀጥለህ አትጎትት። ውስጡ ነጭ ናይለን ያለው ዳዶ ከሆነ አሮጌውን አትመልሰው፣ አዲስ ግዛለት።

ስለ ባለ ቆቡ ዳዶ አንድ ነገር ልንገርህ። ጫፉ የተዘጋው፣ የሚያብረቀርቀው ማለቴ ነው። አንድ ደንበኛዬ አዲስ ሾክ አስገጥሞ መጣ። ጉድጓድ ላይ ከኋላ ቀጭ ይላል። ዳዶውን በቁልፍ ሞከርኩት፣ ድርቅ ብሏል። ሾኩን በእጄ ስይዘው ግን ይነቃነቃል። ዳዶውን ፈትቼ ውስጡን ሳየው የቆቡ ጣሪያ ላይ ክብ ጠባሳ አለ። ሲገጠም አንድ ሮንዴላ ተረስቷል። ስለዚህ ሾኩ የተሰካበት ዘንግ የቆቡን ጣሪያ ነክቶ ቆሟል፤ ዳዶው የጠበቀው ራሱ ላይ ነው እንጂ ሾኩን አልያዘም። አንዲት ሮንዴላ ጨመርኩ፣ ድምፁ ጠፋ። አንተም ከማጥበቅህ በኋላ ቁልፉን ብቻ አትመን። ሾኩን ጨብጠህ ወደ ጎን ነቅንቀው። ጎሚኒው ትንሽ ይሰጣል፣ ሮንዴላው ግን መንቀሳቀስ የለበትም።

ከሞላው ስር በደረጃ የሚዞር ቀለበት ካለ ሁለቱንም ጎን አንድ ደረጃ ላይ አድርግ። ለብቻህ ስትሆን ዝቅተኛው ይበቃል። ሰው ወይም ዕቃ ስትጭን ከፍ አድርገው። አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አታድርግ፤ ሁለት የተለያየ ሾክ እንደመግጠም ነው።

ከማስነሳትህ በፊት ጎማውን በእጅህ አዙር። ካቴናው ከታችኛው የግራ ቡሎን ጫፍ ጋር በቂ ክፍተት አለው? የመጀመሪያው ጠፍቶ ረዘም ያለ ቡሎን ሲገባ ካቴናው እየፈገፈገው ያልቃል። አንድ ሰው ከኋላህ አስቀምጥና ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ያለውን ይመልከትልህ። የደከመ ሾክ ሞተሩን ዝቅ አድርጎት ስለነበር አሁን ከኋላ ከፍ ይላል። ስለዚህ የካቴናውን ልል እንደገና ለካ። የፊት መብራትህም ወደ መሬት አዘንብሎ ታገኘዋለህና አስተካክለው።

መጀመሪያ ሰው ሳትጭን ሰፈር ውስጥ በዝግታ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሂድ። ኮብልስቶን ላይ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ፣ ትንሽ ኩርባ ላይ ሞክረው። ፍሬን ያዝ። አዲስ ሾክ መጀመሪያ ገተር ይላል፤ ያ ጥፋት አይደለም። ስትመለስ አራቱንም ማሰሪያ በቁልፍ ንካቸው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄድክ በኋላ አንዴ ድገመው። በደንብ የታሰረ ከዚያ በኋላ አይላላም። ጭቃ የበዛበት ቀን ደግሞ ማታ ዘንጎቹን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጋቸው። በኃይል የሚረጭ ውኃ ፓራውልዮው ላይ አታነጣጥር።

ሞኖሾክ ያለው ሞተር ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ይህን መንገድ አትከተሉ። እናንተ ጋ ያለው ሾክ አንድ ብቻ ስለሆነ ሲወጣ ጎማውን የሚይዝ ሌላ ነገር አይቀርም። ሞተሩን ከላይ ወይም ከቴላዮው ይዞ የሚያንጠለጥል ነገር ሳይኖር ቡሎኑ አይነካም።

የወጡትን ሁለት አሮጌ ሾኮች ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ አርቃቸው። ለብረት ቀጥቃጭ ወይም ለቁራሌው ስትሰጥ ውስጣቸው ዘይትና አንዳንዴም የታመቀ ጋዝ እንዳለ ንገረው። እሳት ውስጥ እንዳይከታቸው፣ በመጋዝም እንዳይቆርጣቸው። የፈሰሰውን ዘይት በአሸዋ ወይም በመጋዝ ብናኝ አስመጥጠህ ሰብስበው፤ ቦይ ውስጥ አትልቀቀው።